እንግሊዝኛ ለመለማመድ የቱ ይሻላል? የድሮ ፈተና፣ ቴክስትቡክ፣ ቴሌግራም፣ አፕ ወይስ ቱቶር

ሰላም የድሬና የሐረር 11ኞችና 12ኞች፣ ይሄ ለናንተ ነው፣ ወላጆችም ብታነቡት አይከፋም ምክንያቱም የቱቶሩን ብር የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ሳቢያንና ከዚራ አካባቢ ተማሪ ሳስጠና የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሌ ያው ነው፣ "ቲቸር እንግሊዝኛ በምን ልለማመድ?" ከዛ ስልኩን ይከፍትልኛል፣ ፒዲኤፍ ተቆልሏል፣ ግራመር ምናምን፣ ቮካብ ምናምን፣ አንዱንም አልጀመረውም። አቦ ማቴሪያል እኮ ሞልቷል፣ የጠፋው የትኛው ለምን እንደሚሆን የሚነግር ሰው ነው፣ እኔም የማወዳድረው በዛ በኩል ነው።

መጀመሪያ ግን ይሄ ትምህርት ለምን ከሌላው በፊት እንደሚታይ ልበላችሁ። እንግሊዝኛን ናቹራሉም ሶሻሉም ይፈተነዋል። አሁን ባለው አሰራር ስድስት ትምህርት ከ600 ነው፣ እንግሊዝኛ 100ውን ይዟል፣ ግን በ100 ብቻ መስሏችሁ እንዳትሸወዱ፣ ባዮሎጂውም ሂስትሪውም ጂኦግራፊውም አፕቲትዩዱም የተፃፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሪዲንጋችሁ ቀርፋፋ ከሆነ የሁሉንም ሰዓት ነው የሚበላባችሁ፣ ሂስትሪውን አጥንቶ የገባ ልጅ ጥያቄው ውስጥ ያለች አንዲት ቃል አጥፍታው ሲወጣ አይቻለሁ። በ2015 ከተፈተነው ውስጥ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነበር፣ በ2016 ደሞ 5.4 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ቋንቋው ግን አንዱ እንደሆነ ክፍል ውስጥ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

ሳትመርጡ በፊት ራሳችሁን ለኩ

አንድ የድሮ የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና አውጡ፣ አንድ ብቻ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡና ሰዓት ይዛችሁ ስሩት። የድሮዎቹ ወረቀቶች አብዛኞቹ 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ናቸው፣ ማለት ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ፣ ፓሴጁን ማንበቢያውም መልስ ማጥቆሪያውም እዛው ደቂቃ ውስጥ ነው። ይሄን ደሞ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ በድሬ ሙቀት አትሞክሩት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀምሩት፣ ያለበለዚያ የምትለኩት እንግሊዝኛችሁን ሳይሆን ቬንትሌተራችሁን ነው።

ስታርሙ ጠቅላላ ውጤቱን እርሱት፣ የተሳሳታችሁትን በየክፍሉ ለዩት፦ ግራመር ስንት፣ ቮካብ ስንት፣ ሪዲንግ ስንት፣ ዳያሎግ ስንት፣ አረፍተ ነገር አስተካክሎ መደርደር ስንት። ከዛ አንድ ነገር ጨምሩ፣ እቺን ብዙ ሰው አያደርጋትም፦ ሪዲንጉን በሌላ ከለር እስክሪብቶ ያለ ሰዓት ድገሙት፣ መልስ ሳታዩ። በሁለተኛው ውጤታችሁ በደንብ ከጨመረ ችግራችሁ ፍጥነት ነው። ካልጨመረ ወይ ቃሉን አታውቁትም ወይ ረጅሙ አረፍተ ነገር ውስጥ ማን ማንን እንዳደረገ እየጠፋባችሁ ነው። ለፍጥነትና ለቃል ደሞ መድሃኒቱ አንድ አይደለም። ከዚ በታች ያለውን በሙሉ ይሄን ውጤት ይዛችሁ አንብቡት።

የድሮ ፈተና

ሁሉም ሰው ከዚ ነው የሚጀምረው፣ ብዙው ሰውም ከዚ አይወጣም። ጥቅሙ ግልፅ ነው፣ የጥያቄውን ጠባይ ታውቃላችሁ፣ ኮንዲሽናል፣ ሪፖርትድ ስፒች፣ ፓሲቭ፣ ኢንቨርዥን (ረዳት ግሱ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚመጣበት) እየደጋገመ እንደሚመጣ ታያላችሁ፣ ሰዓት አጠቃቀም ትለምዳላችሁ። ጉዳቱ አያስተምርም። መልሱ ቢ ነው ይላችኋል፣ ለምን ቢ እንደሆነ ግን የለም። ሌላው ጣጣ መልሶቹ ራሳቸው ናቸው፣ በቴሌግራም የሚዞሩት አንሰር ኪዎች ማን እንደሰራቸው አይታወቅም፣ ሁለት ቦታ ያለውን የአንድ ዓመት ፈተና አስተያዩት፣ የማይገናኝ መልስ ታገኛላችሁ።

ስለዚ ወረቀቱን እንደ መለኪያ ያዙት። ያላችሁን ሁሉ በአንድ ወር አትጨርሱ፣ ከፈተናው በፊት ላሉት ሳምንታት ያልተነኩ ሁለት ሶስት ወረቀት ይትረፉ። የሰራችሁትን ደሞ የስህተት ደብተር አድርጉት። እንዴት መሰላችሁ፣ ለምሳሌ "ሃርድሊ ሃድ ሂ አራይቭድ" ብሎ ጀምሮ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ ሙሉ ይላል፣ ምርጫው ውስጥ "ዌን" አለ "ዛን" አለ፣ ልጁ "ዛን" ብሎ ሳተ። ደብተሩ ላይ ሶስት መስመር ይፅፋል። አንደኛው ህጉን፦ "ሃርድሊ" ከ"ዌን" ጋር ነው የሚሄደው፣ "ኖ ሱነር" ነው ከ"ዛን" ጋር የሚሄደው። ሁለተኛው ለምን እንደሳተ፦ ሁለቱን ቀላቅያቸው ነው። ሶስተኛው የራሱን አረፍተ ነገር፣ ባጃጁ ገና ደቻቱ ድልድይ ሲደርስ ዝናቡ ጀመረ የሚል ነገር በ"ሃርድሊ" አድርጎ ይፅፋል፣ ሌላ ደሞ በ"ኖ ሱነር"። ይሄ አስር ደቂቃ ይፈጃል፣ አዎ ያሰለቻል፣ ግን በዚ መንገድ የተያዘች አንድ ጥያቄ ዝም ብሎ ከተሰራ አንድ ሙሉ ገፅ ትበልጣለች ባይ ነኝ።

ቴክስትቡክ

የተናቀው እሱ ነው። የአዲሱ ካሪኩለም የ9ኛ እስከ 12ኛ የእንግሊዝኛ መፅሐፎች በሶፍት ኮፒ በነፃ ይገኛሉ፣ ግን ተማሪው የሚያየው ቲቸር ሆምወርክ ሲሰጥ ብቻ ነው። መፅሐፉ የሚሻልበት ቦታ ሪዲንግና ዳያሎግ ላይ ነው፣ እያንዳንዱ ዩኒት በአንድ ርዕስ ዙሪያ ስለሚሄድ ቃላቶቹ እየተደጋገሙ ይመጣሉ፣ ቃል ደሞ የሚገባው ሲደጋገም ነው። ግራመሩ ላይ ግን መልመጃው ትንሽ ነው፣ መልስም ከኋላ የለውም፣ ብቻችሁን ለምትሰሩ ይሄ ይከብዳል። አንድ ምክር ልጨምር፣ 12ኛ ሆናችሁ የ12ኛው ፓሴጅ ከከበዳችሁ ሳታፍሩ የ10ኛውን አውጡ፣ ማንም አያያችሁም።

ግራመር መፅሐፍ

በግራ ገፅ ማብራሪያ በቀኝ ገፅ መልመጃ ያለው፣ መልሱ ከኋላ የሆነው ሰማያዊው መፅሐፍ አለ አይደል፣ የመርፊው ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ፣ ፎቶ ኮፒውን ያላየ የለም። መለኪያ ፈተናው ላይ ግራመር ከጣላችሁ ከሁሉም ነገር ይሄን ዓይነቱን እመርጣለሁ፣ ከቱቶርም በፊት። ምክንያቱም ህጉን አንብባችሁ እዛው ትሰሩታላችሁ፣ እዛው ታርሙታላችሁ፣ ሰው አትጠብቁም። ግን ከዩኒት አንድ ጀምሮ እስከመጨረሻ የሚባል ነገር እርሱት፣ ማንም አይጨርሰውም፣ ፕረዘንት ኮንቲንየስ ላይ ሶስቴ ጀምራችሁ ሶስቴ ታቆማላችሁ። ማውጫውን ከፍታችሁ ፈተናው ላይ የሳታችሁትን ብቻ ምረጡ። ፈተና የሚወደው ኢንቨርዥን ግን ብዙ ጊዜ እዚ ደረጃ ያለው መፅሐፍ ላይ በደንብ አይገኝም፣ ለሱ ከፍ ያለውን ደረጃ ወይ ሰው መጠየቅ ነው።

ቴሌግራም

ሐቁን እናውራ፣ አብዛኛው ሰው የሚለማመደው እዚ ነው። ኩዊዙ ይመጣል፣ ትነካላችሁ፣ ቀይ ወይ አረንጓዴ ይላል፣ ቀጣዩ ይመጣል። ታክሲ ውስጥ፣ ባጃጅ ስትጠብቁ፣ ዳቦ ሰልፍ ላይ ጥሩ ነው፣ የምታውቁትን ነገር ለማስታወስ። የማታውቁትን ለመማር ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም ትክክለኛውን ስታገኙ አውቃችሁት ይሁን ገምታችሁ ራሳችሁም አታውቁትም፣ የሚያስቀው ደሞ ስንት ፐርሰንት ሰው ኤ እንዳለ ያሳያችኋል፣ ብዙ ሰው ከተሳሳተ ልባችሁ ትንሽ ረጋ ይላል፣ ይሄ ጥሩ አይደለም። ቻናል ስትመርጡ አንድ ነገር ብቻ እዩ፣ ከመልሱ ስር ማብራሪያ ይፅፋል ወይ? ካልፃፈ ውጡ። አስራ ምናምን ቻናል ውስጥ ያለ ሰው ሁለት ይበቃዋል። ፈተናው ወጣ እያለ ብር የሚጠይቅ ቻናልማ ወሬውም አያስፈልግም።

አፖችና ዌብሳይቶች

ዱኦሊንጎ፦ ለጀማሪ ደስ ይላል፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ግን ቀላል ነው፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ኮርስም የለውም። አረብኛ ማንበብ ለምትችሉ (ድሬና ሐረር ብዙ ናችሁ) በአረብኛ በኩል ያለውን መክፈት ትችላላችሁ፣ ያም ቢሆን ለታናናሾቻችሁ ነው የምመክረው።

የብሪቲሽ ካውንስል ለርን ኢንግሊሽ፦ ከነፃዎቹ ውስጥ እኔ የምመርጠው ይሄን ነው። ሪዲንጉ ከኤ1 (ጀማሪ) እስከ ሲ1 (ከፍተኛ) በደረጃ ተለይቷል፣ ከፓሴጁ በፊት የቃላት መልመጃ አለው፣ ከዛ ጥያቄ አለው፣ ወርክሺቱን አውርዶ ፕሪንት ማድረግም ይቻላል። ቢ1 ላይ ጀምሩ፣ ከቀለላችሁ ቢ2። ፕሪንት የማድረጉን ነገር ያነሳሁት መብራት ሲጠፋም ይሰራል ብዬ ነው።

ቪኦኤ ለርኒንግ ኢንግሊሽ፦ የድሮ ፅሁፎቹ አሪፍ ናቸው። ስፔሻል ኢንግሊሽ በሚል ስም እኤአ በ1959 የተጀመረ ፕሮግራም ነው፣ 1500 አካባቢ ቃላት ላይ ተመስርቶ ዜናውን በቀላል እንግሊዝኛ ይፅፍ ዝግ ብሎም ያነብ ነበር። ፍጥነት ለጎደላችሁ እየሰማችሁ በዓይን መከተል ጥሩ ነገር ነው፣ ድምፁ ወደኋላ ተመልሳችሁ እንዳታነቡ ይጎትታችኋል።

አንኪ፦ የቃላት ካርድ ነው፣ የረሳችሁትን ቶሎ ቶሎ ያመጣል፣ የያዛችሁትን ያዘገያል። አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው፣ ያለ ኔትም ይሰራል፣ አይፎን ላይ ግን በክፍያ ነው። የሰው ካርድ ከማውረድ የራሳችሁን ስሩ።

ዳታ ይበላል የምትሉ፣ ሳፋሪኮም አገር ውስጥ መጀመሪያ ሙከራ የከፈተው እኛው ድሬ ላይ ነው ነሐሴ 2014፣ ከዛ ወዲህ ቢያንስ ሁለት ሲም አማራጭ አለን፣ የሌሊት ፓኬጅ ገዝቶ የሳምንቱን ፅሁፍና ድምፅ አንዴ ማውረድ ነው።

ስለ ቻትጂፒቲ ትጠይቁኛላችሁና፦ ለማብራሪያ ይሆናል። "ይሄ ጥያቄ ላይ ሲ ለምን ስህተት ሆነ፣ በቀላል እንግሊዝኛ አስረዳኝ፣ ከዛ እንደሱ ያለ አምስት ጥያቄ ስጠኝ" በሉት፣ ጥሩ ይሰራል። አልፎ አልፎ ግን በሙሉ ልብ ይሳሳታል፣ ስለዚ ከግራመር መፅሐፉ ጋር አመሳክሩ። ኤሴይ አስፅፎ ለቲቸር ማስረከቡን ግን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ

ዲክሽነሪ ከኤ ጀምረው የሚሸመድዱ ልጆች አሉ፣ ወይ ደሞ ከባድ ከባድ ቃል የተሰበሰበበት ሊስት ይዘው የሚዞሩ። ፈተናው ላይ አንዷ ብትመጣ ነው። ይልቅ የተለመዱትን ቃላት ጨርሱ። ማይክል ዌስት የሚባል ሰው እኤአ በ1953 ያወጣው 2000 ገደማ የተለመዱ ቃላት ሊስት አለ፣ አቭሪል ኮክስሄድ የምትባል ተመራማሪ ደሞ እኤአ በ2000 ትምህርት ነክ ፅሁፍ ላይ የሚደጋገሙ 570 የቃል ቤተሰቦችን (እንደ "አናላይዝ"ና "አናሊሲስ" ከአንድ ስር የሚወጡ ቃላትን) ለይታለች። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ለ12ኛ የሚሆነው ሁለተኛው ነው፣ የባዮሎጂም የጂኦግራፊም ጥያቄ ላይ የሚመጡት እንደ "አናላይዝ"፣ "ሲግኒፊካንት"፣ "ፋክተር" ያሉት ናቸው።

ስትፅፏቸው ግን ቃሉን ብቻውን አትፃፉት፣ ከጎኑ ከሚቆመው ጋር ፃፉት፣ "ዲሲዥን" ብላችሁ ሳይሆን "ሜክ ኤ ዲሲዥን" ብላችሁ፣ "ኢንተረስትድ" ብላችሁ ሳይሆን "ኢንተረስትድ ኢን" ብላችሁ። ፈተናው እዛ ጋ ነው የሚይዛችሁ።

የምታነቡት ፅሁፍ ደረጃው ልካችሁ መሆኑን ማወቂያም አለ። እኤአ በ2000 የወጣ፣ ሁ እና ኔሽን የሚባሉ ተመራማሪዎች የሰሩት ጥናት፣ አንድን ፅሁፍ ያለ እርዳታ በደንብ ለመረዳት ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ ይፈልጋል ይላል። ስለዚ 100 ቃል ቁጠሩና የማታውቁትን አስምሩ። ሁለት ከሆነ ለፍጥነት መለማመጃ ይሆናችኋል። አራት አምስት ከሆነ ከዲክሽነሪ ጋር ቃል መማሪያ ይሁን። አስር ከሆነ ተዉት፣ ሌላ ፈልጉ፣ በዛ ራስን ማሰቃየት ጥናት አይባልም።

ቱቶር፣ ቱቶሪያል ክላስና ጓደኛ

ብር የሚወጣው እዚ ስለሆነ ጠንቀቅ በሉ። ብዙ ልጅ አንድ ክፍል ታጭቆ ቲቸሩ ወርክሺት የሚያነብበት ቱቶሪያል አለ፣ እዛ የምታገኙትን የድሮ ፈተናው ወረቀት ብቻውን ይሰጣችኋል። የግል ቱቶር የሚያዋጣው ሁለት ቦታ ነው፦ ግራመሩ ከመሰረቱ የሌላችሁ ከሆነ፣ ወይ ደሞ ብቻችሁን ስትሆኑ የማትቀመጡ ከሆነ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይሁን የትምህርት ቤት መምህር፣ ከመስማማታችሁ በፊት አንድ የድሮ ፈተና ጥያቄ አሳዩትና መልሱን ከነገራችሁ በኋላ "ዲ ለምን አይሆንም?" በሉት። በተረጋጋ መንፈስ ካስረዳ ያዙት። "እንደዛ አይባልም በቃ" ካለ አመስግናችሁ ሸኙት፣ እንደዛማ ቴሌግራሙም ይላል።

ከነፃዎቹ ሁሉ ግን የሶስት ሰው ግሩፕ የሚያህል የለም፣ ከሶስት ከበለጠ ወሬ ይሆናል፣ ጨዋታ እንደምንወድ እናውቃለን። በሳምንት ሁለቴ ተገናኙና እያንዳንዱ ሰው ከስህተት ደብተሩ አምስት ጥያቄ አምጥቶ ሌሎቹን ይፈትን፣ ያልመለሱትን እሱ ያስረዳ። የድሬ ልጅ አማርኛ ኦሮምኛ ሶማልኛ እያቀላቀለ ነው ያደገው፣ ሐረር ጀጎል ያደገው ደሞ ሐረሪውን ይጨምርበታል፣ ቋንቋ አይከብደንም፣ ለእንግሊዝኛው ሰዓት አለመስጠታችን ነው እንጂ። ስታስረዱ በመሃል በሌላ ቋንቋ ብትሉትም ችግር የለም፣ ህጉ ይግባ።

እንግዲህ እኔ ብሆን

ፈተናው ከስድስት ወር በላይ ከቀረው፦ ቴክስትቡኩና የብሪቲሽ ካውንስሉ ሪዲንግ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ ቃላት በአንኪ፣ ግራመር በሳምንት ሁለት ዩኒት፣ የድሮ ፈተና በወር አንድ። 11ኛ የሆናችሁ ሪዲንጉን አሁኑኑ ጀምሩ፣ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ዘግይታችሁ ከጀመራችሁት ለፈተናው አይደርስላችሁም።

ሶስት ወር ገደማ ከቀረው፦ ግራመር መፅሐፉ ከሳታችሁት ርዕስ ብቻ፣ የድሮ ፈተና በየሳምንቱ በሰዓት፣ ደብተሩ ሳይቋረጥ። አዲስ የቃል ሊስት አትጀምሩ፣ ከፓሴጁ ያገኛችሁት ይበቃል።

አንድ ወር ብቻ ከቀረው አፑንም ቻናሉንም ዝጉ። የተረፈችውን ወረቀት በሰዓት፣ ደብተሩን ደጋግሞ ማየት፣ በቃ። ከ2014 ፈተና ወዲህ ፈተናው በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተገብቶ ነው የሚሰጠው፣ ስልክ ይዞ መግባት የለም፣ ስለዚ ማጣቀሻዬ ስልኬ ላይ ነው የሚል ሰው ከአሁኑ ወደ ወረቀት ያውርደው። ከ2016 ጀምሮ ደሞ በኮምፒውተር የሚፈተኑ ተማሪዎች አሉ፣ እናንተም ከነሱ ከሆናችሁ ከሪዲንጉ ጥቂቱን ስክሪን ላይ ስሩ፣ ፓሴጁ ከላይ ጥያቄው ከታች ሲሆን ወደላይ ወደታች እያሉ መመለስ ሰዓት ይበላል፣ ስር ማስመርም የለም፣ የአንቀፁን ፍሬ ሐሳብ ባዶ ወረቀት ላይ በሁለት ቃል እየፃፋችሁ ሂዱ።

ወላጆች፣ ለቱቶር እየከፈላችሁ ከሆነ ውጤት እስኪመጣ አትጠብቁ፣ በየሁለት ሳምንቱ ልጁን የስህተት ደብተርህን አሳየኝ በሉት። እንግሊዝኛ ማወቅ አይጠበቅባችሁም፣ ገፁ መጨመሩን ታያላችሁ፣ ካልጨመረ ቱቶሩን አነጋግሩት።